ሦስት ስፔድና እልህ

ኮንትራት ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታ ሁለት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ተመልካች ጨዋታው ነው ብሎ የሚያየው ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ካርታ በጠረጴዛ ላይ የሚጣልበት ሰዓት፣ በመጀመሪያው ክፍል የተገባ ዕዳ የሚከፈልበት ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕዳው የሚገባው በጨረታ ነው። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ አጣማሪዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ 52ቱ ካርታዎች ለእያንዳንዳቸው 13 ከታደሉ በኋላ ከአዳዩ ጀምሮ በየተራ ጥሪ ይሰማል። ጥሪ ማለት አንድ ቁጥርና አንድ የካርታ ምልክት አጣምሮ የሚነገር ቃል ኪዳን ሲሆን፣ ቁጥሩ በስድስት ላይ ተደምሮ ስንት ዙር ለማሸነፍ እንደታሰበ፣ ምልክቱ ደግሞ የትኛው አለቃ ሆኖ የሌሎቹን ካርታ እንዲበላ እንደተፈለገ ይገልጻል። ዙር የሚባለው አራቱም ሰዎች አንዳንድ ካርታ ጥለው አንደኛው የሚሰበስበው ነው፤ ስለዚህ «ሁለት ልብ» ብሎ የጠራ ሰው፣ ልብ አለቃ ከሆነ ከ13ቱ ዙር 8ቱን ከአጣማሪው ጋር ሊወስድ ፈርሟል ማለት ነው። ምልክቶቹም እንደ መሥሪያ ቤት ደረጃ አላቸው፦ ከታች ጥቁሩ ባለሦስት ቅጠል አበባ፣ ቀጥሎ ዳይመንድ፣ ከዚያ ልብ፣ ከልብ በላይ ስፔድ፣ ከስፔድም በላይ ማንም አለቃ እንዳይሆን የሚጠይቀው «ያለ አለቃ» የተባለው ጥሪ ይገኛል። ሰባቱ ቁጥሮች በአምስቱ ደረጃዎች ሲባዙ 35 ጥሪዎች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ጥሪም ከቀዳሚው መብለጥ ስላለበት፣ አንድ ጊዜ የታለፈ ጥሪ ተመልሶ አይገኝም።

ዛሬ የሚሠራበትን የነጥብ አቆጣጠር ያወጣው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1925 ፊንላንድ በምትባል መርከብ በፓናማ ቦይ በኩል ሲጓዝ ሲሆን፣ የደንቡም ፍሬ ነገር ትልቁ ጉርሻ የሚገኘው አስቀድሞ ለተፈረመ ውል ብቻ ነው የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ፣ 10 ዙር ወስዶ የጠራው ግን 8 ብቻ የሆነ ሰው የትልቁን ውል ጉርሻ እንደ ጎረቤት ድግስ በሩቁ ያሸተዋል፤ 10 ጠርቶ 9 የወሰደ ሰው ደግሞ ለጎደለችው አንዲት ዙር ይቀጣል። በመሆኑም አጣማሪዎች አንዱ የሌላውን ካርታ ሳያይ አቅማቸውን በትክክል መገመት ይኖርባቸዋል፤ ለዚህም አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነጥብ እየተባለ ይቆጠራል። በጠቅላላው 40 ነጥብ ሲኖር፣ 12 ወይም 13 የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨረታውን ይከፍታል። ማንም ካልረበሻቸው አጣማሪዎቹ ከዝቅተኛው ጥሪ ተነሥተው ቀስ እያሉ፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስ፣ እስከሚስማማቸው ውል ድረስ ይወያያሉ። የመማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያ ምዕራፎች የሚገልጹት ይህን የሰላም ዘመን ነው፤ በእውነተኛው ጠረጴዛ ላይ ግን ተቃራኒዎቹም አፍ አላቸው።

ለጉዳዩ ማሳያ የሚሆን ጠረጴዛ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቢዘረጋ አግባብነት አለው። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀ፣ በዋናነት የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ፋብሪካዎችን የያዘ፣ ሼድ በሚባሉ ሰፋፊ አዳራሾች የተከፋፈለ የሥራ መንደር ሲሆን፣ በየሼዱ ውስጥም የአንዱ ሥራ ለሌላው ሳይደርስ ምንም ነገር የማያልቅበት ላይን የሚባል አሠራር አለ። የዚህ አገር ሰው ካርታ ሲይዝ ቀድሞ የሚታወሰው ኮንከር ነው፤ ኮንከር ግን እያንዳንዱ ለራሱ የሚጫወተው በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ቢበላ ራሱን፣ ቢበዛም ዕድሉን እንጂ ሌላ የሚወቅሰው ሰው የለውም። ብሪጅ ይህን ችግር አስወግዶ ለእያንዳንዱ ሰው ከፊት ለፊቱ አንድ ተወቃሽ አስቀምጦለታል። እንግዲህ በምሳ ሰዓት አንዲት የስፌት ኦፕሬተርና የማሽን መካኒክ በአንድ ወገን፣ የላይኑ ሱፐርቫይዘርና በዕድሜ ጠና ያሉት የሰርቪስ ሾፌር በሌላው ወገን ተቀምጠዋል ተብሎ ይታሰብ። ጠረጴዛው ከሼዱ ውስጥ ነው፤ በከተማዋ አቅራቢያ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት፣ አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እንደሚመሰክሩት፣ የአዳማ ነፋስ ለኤሌክትሪክ የሚመሰገነውን ያህል ለካርታ ተጫዋች አይመሰገንም።

ካርታው የታደለው እንዲህ ነው። መካኒኩ የስፔድ 9 እና 5፣ የልብ አስ፣ ንግሥት፣ 7 እና 3፣ የዳይመንድ አስ፣ ንጉሥ፣ 9፣ 8 እና 5፣ የአበባ 6 እና 4 ይዟል፤ ሲደመር 13 ነጥብ ነው። አምስት ዳይመንድ ስላለው «አንድ ዳይመንድ» ብሎ ከፈተ። በኦፕሬተሯ እጅ የስፔድ 7 እና 3፣ የልብ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 8 እና 4፣ የዳይመንድ 10፣ 6 እና 2፣ የአበባ አስ፣ 9፣ 7 እና 5 አለ፤ ይኸውም 8 ነጥብ መሆኑ ነው። ነገሩ በሰላም ቢቀጥል ኖሮ ኦፕሬተሯ «አንድ ልብ» ትላለች፣ መካኒኩም አራት ልብ ስላለው ደስ ብሎት ያነሣዋል፣ ሁለቱም ስምንት ልብ እንዳላቸው በሁለት ቃል ይግባባሉ። ነገር ግን በመካከላቸው ሱፐርቫይዘሩ አለ። አምስት ስፔድ ከነአሱና ከነንጉሡ፣ በድምሩም 13 ነጥብ የያዘው ሱፐርቫይዘር «አንድ ስፔድ» ብሎ ጣልቃ ገባ፤ ይህን ሲያደርግም ከዕለት ሥራው የተለየ ነገር የፈጸመ አልመሰለውም።

ጣልቃ ጥሪ ሦስት ጥቅም እንዳለው ይታመናል፦ ውሉን ራስ ለመውሰድ መሞከር፣ ለአጣማሪ የትኛውን ምልክት ቀድሞ እንዲጥል መጠቆም፣ እንዲሁም የተቃራኒን መነጋገሪያ ቦታ መስረቅ። አዋቂዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሦስተኛውን ነው። አንድ ስፔድ ከአንድ ልብ በላይ ስለሆነ የኦፕሬተሯ ቀላል መልስ ተዘግቷል፤ አሁን ልቧን መጥራት ካስፈለጋት «ሁለት ልብ» ማለት ሊኖርባት ነው፤ ይህ ጥሪ ደግሞ በተለመደው ስምምነት ቢያንስ አምስት ልብና ወደ 10 ነጥብ ገደማ ይጠይቃል። እሷ ያላት አራት ልብና 8 ነጥብ ነው። ብትጠራ ዋሸች፣ ብትተው መልካም ካርታ ይዛ ዝም አለች።

ለዚህ ጭንቀት መድኃኒት ያገኘው አልቪን ሮት የተባለ አሜሪካዊ ተጫዋች ነበር። በብሪጅ ውስጥ «ደብል» የሚባል ቃል አለ፤ ጥንታዊ ትርጉሙ «የጠራኸውን አትወጣውም፣ ቅጣቱም ሆነ ሽልማቱ እጥፍ ይሁን» ማለት ሲሆን፣ ሲነገርም በቂ የንቀት ቃና ይጠይቅ ነበር። ሮት እ.ኤ.አ. በ1957 ያስተዋለው፣ ተቃራኒ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ገና ጣልቃ እንደገባ ለቅጣት የሚሆን ካርታ በእጅ የሚገኘው በጣም አልፎ አልፎ መሆኑንና ይህን የሚያህል ጠቃሚ ቃል ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ መቀመጡን ነው። ስለዚህ ቃሉን ወስዶ ሌላ ሥራ ሰጠው፦ አጣማሪው ከፍቶ ተቃራኒ ጣልቃ ሲገባ «ደብል» ያለ ሰው «ያልተጠሩት ምልክቶች በእጄ አሉ፣ በተለይም አራት ልብ፤ ነገር ግን ከፍ ብዬ ለመጥራት አቅም ያንሰኛል» ማለቱ እንዲሆን አደረገ። በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስላመጠቀች፣ አዲሱ ደብል በስሟ «ስፑትኒክ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ጣልቃ ገቡ አንድ ጥሪ ሲሰርቅ ሌላ ቃል በስጦታ ትቶ እንደሚሄድ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው፤ ተቃራኒ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ኦፕሬተሯ ደብል የምትልበት ነገር አይኖርም ነበርና። ከዚህም አልፎ ተቃራኒው የጠራውን ምልክት ራሱን መልሶ በመጥራት ለአጣማሪ ጠንካራ ድጋፍ መኖሩን የመግለጽ ልማድም አለ፤ ሌባው ጥሎት በሄደው ጫማ ገበያ እንደ መውጣት ያለ ድፍረት መሆኑ ግን አይካድም።

ኦፕሬተሯ «ደብል» አለች። መካኒኩ ገባው። ሱፐርቫይዘሩም ገባው፤ በብሪጅ ሕግ የአጣማሪዎች ስምምነት ለተቃራኒም የተገለጠ መሆን ስላለበት፣ ጠይቆ የመረዳት መብት አለው። በባቢሌ የግመል ገበያ ደላላውና ገዥው እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ዋጋን በጣት ይነጋገራሉ፣ ከጎን የቆመውም ሰው ከጨርቁ መንቀሳቀስ በቀር የሚያየው ነገር የለም፤ ብሪጅ ግን ገመናውን በአደባባይ አስጥቶ የሚጫረት ሲሆን፣ የሚደበቀው ካርታው እንጂ የቋንቋው ፍቺ አይደለም።

ተራው አሁን የሾፌሩ ነው። በእጃቸው የስፔድ ንግሥት፣ 8፣ 6 እና 2፣ የልብ 10፣ 5 እና 2፣ የዳይመንድ ጃክ እና 4፣ የአበባ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10 እና 3 አለ፤ ነጥባቸው ስድስት ብቻ ነው። በስድስት ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ትሑት ሰው «ሁለት ስፔድ» ይላል። ሾፌሩ ግን ረጋ ብለው «ሦስት ስፔድ» አሉ። ይህ ዓይነቱ ዘለላ ቅድመ መከላከል ይባላል፤ ጠሪው ጠንካራ ካርታ የለኝም፣ ነገር ግን አጣማሪዬ ለጠራው ምልክት አራት ካርታ አለኝ፣ ስለዚህ ተቃራኒዎቼ እርስ በርስ ሳይግባቡ መንገዱን ልዝጋ እያለ ነው። የሾፌሩ ስሌት መንገድን ለረጅም ዓመታት ያየ ሰው ስሌት ነው፤ ራሳቸው ይደርሳሉ ብለው ሳይሆን ሌላው እንዳያልፍ መሀል መንገዱን ይዘዋል።

በእርግጥም መንገዱ ተዘግቷል። መካኒኩ ከኦፕሬተሯ ጋር ስምንት ልብ እንዳላቸው አውቋል፤ «ሦስት ልብ» ማለት በቻለ ኖሮ ከ13ቱ ዙር 9ኙን ወስደው 140 ነጥብ ያገኙ ነበር። ሦስት ልብ ግን ከሦስት ስፔድ በታች ነው፣ አልፏል። የቀረው ወይ «አራት ልብ» ብሎ 10 ዙር መፈረም ነው፣ ወይ «ፓስ» ብሎ መተው።

በዚህ ቦታ ላይ የመማሪያ መጻሕፍት ስለ ነጥብ፣ ስለ ቅጣትና ስለ ጉርሻ ብዙ ገጽ ሲጽፉ፣ ዋናውን ጉዳይ ግን አያነሡትም፤ ዋናው ጉዳይ እልህ ነው። ሦስት ስፔድ ሲጠራ በመካኒኩ ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ዙር አለን?» የሚል ሳይሆን «ሾፌሩ በስድስት ነጥብ ሊያስቆመኝ ነው?» የሚል ነው። አስም ንጉሥም የያዘ ሰው፣ ጨረታውን ራሱ የከፈተ ሰው፣ በደከመ ካርታ ተገፍቶ መውጣቱ ክብሩን ይነካዋል። እልህ ምላጭ ያስውጣል የተባለው ካርታ ተጫዋችን አይቶ ባይሆን እንኳ፣ «አራት ልብ» የሚለው ጥሪ ከምላጭ የሚለየው ዋጋው በነጥብ መሆኑ ብቻ ነው። በሊዝ ጨረታ መሬት ሊገዛ ሄዶ፣ የፈለገው መሬት ቀርቶ ያስቆጣው ተጫራች ዋጋ በአእምሮው እየመጣ የጨመረ ሰውም የዚሁ ደዌ ታማሚ ነው። ጣልቃ ገብነት ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በሚወስደው ቦታ አይደለም፤ ቦታውን የተነጠቀው ሰው ለማስመለስ ሲል በሚከፍለው ላይ ነው።

ለእልህ ማርከሻ የሚሆን ስሌት ያበረከተው ዣን ረኔ ቬርን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝኛ ባሳተመው ጽሑፍ ለዓለም አስተዋወቀው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ አሜሪካዊው ላሪ ኮኸን በመጽሐፍ አስፋፋው። «የጠቅላላ ዙሮች ሕግ» የተባለው ይህ ግኝት ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ለመቁጠር ቀላል ነው። አንደኛው ጥንድ በሚሻለው ምልክት ስንት ካርታ እንዳለው፣ ሌላውም ጥንድ በሚሻለው ምልክት ስንት እንዳለው ተቆጥሮ ይደመራል፤ ድምሩ፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ምልክት አለቃ አድርጎ ቢጫወት ሁለቱም ሊወስዱት ከሚችሉት የዙር ድምር ጋር በግምት እኩል ይሆናል። ሱፐርቫይዘሩ አምስት ስፔድ፣ ሾፌሩ አራት ስፔድ እንዳላቸው ከጥሪያቸው ስለሚታወቅ ዘጠኝ ስፔድ፤ በዚህ በኩል ስምንት ልብ፤ ድምሩ 17። እንግዲህ ተቃራኒዎቹ በሦስት ስፔድ ዘጠኙን ዙር በትክክል የሚወስዱ ከሆነ ለመካኒኩ ወገን በልብ የሚተርፈው ስምንት ነው፣ አራት ልብም በሁለት ዙር ይወድቃል፤ ተቃራኒዎቹ ስምንት ብቻ የሚወስዱ ከሆነም ለመካኒኩ ወገን ዘጠኝ ይደርሰዋል፣ አራት ልብ አሁንም በአንድ ዙር ይወድቃል። በየትኛውም በኩል ቢመጣ አራት ልብ ወዳቂ ነው።

የተጣለው ካርታ አንድ በአንድ ቢመረመር ይህንኑ ያረጋግጣል። በስፔድ ሲጫወት ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ልብ፣ ሁለት ዳይመንድና አንድ አበባ ተነጥቆ ስምንት ዙር ይወስዳል፣ ከውሉ አንድ ይጎድለዋል። በልብ ሲጫወት የመካኒኩ ወገን ሁለት ስፔድ፣ አንድ ዳይመንድና አንድ አበባ ተነጥቆ ዘጠኝ ይወስዳል። ስምንትና ዘጠኝ 17 ነው። እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ማከል ተገቢ ነው፤ ሕግ ይባል እንጂ ሁልጊዜ የሚሠራ አይደለም፣ ማይክ ሎረንስና አንደርሽ ቪርግሬን የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎችም እሱን በመሞገት ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። ተቃራኒ ማስረጃ ካላቸው ከሁለቱ ጋር መከራከር ባያዋጣም፣ የሕጉ ትልቁ አገልግሎት ትክክለኛነቱ ላይሆን ይችላል፤ የተናደደ ሰው ከመጥራቱ በፊት እስከ 17 እንዲቆጥር ማስገደዱ ብቻውን ብዙ ነው።

መካኒኩም ቆጠረ፣ ነገር ግን ቆጠራው ረዘም አለ። ካርታውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ተነፈሰ፣ ከዚያ «ፓስ» አለ። ይህ ትንፋሽ ራሱን የቻለ የሕግ ጉዳይ ነው። በብሪጅ አጣማሪ ሊሰማ የሚፈቀድለት ጥሪውን እንጂ የጥሪውን አወጣጥ አይደለም፤ ረጅም ማሰብ፣ መቁነጥነጥ፣ ፊት ማጨማደድና ድምፅ ማክበድ ሁሉ ያልተፈቀደ መረጃ ይባላሉ፣ አጣማሪም እነዚህ የሚጠቁሙትን ጥሪ ከመምረጥ ይከለከላል። የድምፁን ችግር ለማስቀረት ስዊድናውያን ጥሪዎቹ ሁሉ በካርድ ተጽፈው የሚቀመጡበትን ሣጥን ፈለሰፉ፤ የፊቱን ችግር ለማስቀረትም እ.ኤ.አ. በ1975 በቤርሙዳ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በጠረጴዛው መካከል አጣማሪን ከአጣማሪ የሚጋርድ መከለያ ተተከለ። በዚያው ውድድር ላይ ሁለት ጣሊያናውያን መከለያው ባልደረሰበት በኩል፣ ማለትም ከጠረጴዛው ሥር፣ እግር ለእግር ይነካካሉ ተብለው በመከሰሳቸው ወቀሳ ደረሰባቸው፤ አዘጋጆቹም ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀምጠው እግሮቹን ለያዩ። ሰው ዝም በል ሲባል የሚናገርበት የሰውነት ክፍል እንደማያጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ዓይኑንና ቅንድቡን አዘውትሮ ለሙሉ ዓረፍተ ነገር በሚጠቀም፣ አየር ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» በሚል ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ይህን ሕግ ማስፈጸም ምን ያህል መከለያ እንደሚፈጅ መገመት ይቻላል።

ሱፐርቫይዘሩ ፓስ አለ። ኦፕሬተሯ የመካኒኩን ትንፋሽ ሰምታለች፤ እጁ ላይ ጥሩ ነገር እንዳለ፣ አራት ልብም እንደ ቃጣው ማሽን ሲበላሽ ደጋግማ ካየችው ፊቱ አውቃለች። የያዘችው 8 ነጥብ ግን ቀድሞ በደብሏ የተነገረ ነው፣ የሚጨመርበት የለም፤ ስለዚህ ያልሰማች ትመስል ዘንድ ቶሎም ሳትል ሳትዘገይም «ፓስ» አለች። ሦስት ፓስ ስለተከታተለ ጨረታው ተዘጋ። ሱፐርቫይዘሩ ስምንት ዙር ወሰደ፣ በአንድ ወደቀ፤ የመካኒኩና የኦፕሬተሯ ወገንም 50 ነጥብ ተጻፈለት።

የነጥብ ወረቀቱን የያዘው ሱፐርቫይዘሩ ነው፤ እንደ ልማዱም የጎደለውን ዙር ምክንያት መጠየቅ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ስድስት ነጥብ ይዘው ሦስት ስፔድ የጠሩት ምን አስበው ነው? ይኸው ወደቅን።»

«ወደቅን እንጂ ተጎዳን ወይ?» አሉ ሾፌሩ። «እነሱ ሦስት ልብ ቢሉ 140 ነበር የሚወስዱት። 50 ሰጥተን 90 አትርፈናል።»

ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ተመለከተ። በወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ ብቻ አለ፣ አንዱ ለእኛ፣ ሌላው ለእነሱ የሚል፤ ያልጠፋ 90 ነጥብ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

«ይህን ለበላይ እንዴት ነው ሪፖርት የማደርገው?» አለ።

«የቱን?» አለ መካኒኩ፤ እሱ ደግሞ አራት ልብ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይወጣው እንደነበር ለኦፕሬተሯ ገና ማስረዳት መጀመሩ ነበር።